«ወፌ ቆመች» በሹክሹክታ አይባልም

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «አንብቢውና ምን እንደተሰማሽ ንገሪኝ» ብላ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በስልክ ልመልስላት ስጀምር መልሱ ረዘመብኝ። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ወላጆች ልጃቸው ዓመት ሊሞላው ሲል ወሬያቸው ሁሉ እሱ ይሆናል። ተቀመጠ፣ ዳኸ፣ ጥርስ አወጣ፣ «አባ» አለ። ጸሐፊው ይሄ ልማድ ይቅር ይላሉ። እናቶችን ያፎካክራል። ከባህላችን የወጣ ነው፤ ልጁንም ለዓይን ያጋልጣል። የጤና ባለሙያን ሥራ ለጎረቤት ይሰጣል። የልጁን ገመና አደባባይ ያወጣል። ደግሞም ተራ ነገር ስለሆነ ለሰሚው ምንም አይጠቅምም።

እኔ የ13 ወር ሴት ልጅ እናት ነኝ። ጸሐፊው የሚነቅፉትን ሁሉ አደርጋለሁ። ለእናቴ እደውላለሁ። ደረጃ ላይ ላገኘኋት ጎረቤት እናገራለሁ። ከእኔ ጋር በአንድ ሰሞን ከወለዱ እናቶች ጋር በቴሌግራም እንጻጻፋለን። ጽሑፉ በቅን ልብ የተጻፈ መሆኑ ይገባኛል። ለልጆች የሚቆረቆር ሰው ነው የጻፈው። ግን በአብዛኛው አልስማማም።

«ተራ ነገር ነው» ከሚለው ልጀምር። ከሁሉም የከነከነኝ እሱ ነው።

ጸሐፊው ለምሳሌ ያነሷት አንዲት እናት ናት። «ልጄ ዛሬ የእንጀራ ፍርፋሪ በሁለት ጣቷ አነሳች» ብላ በደስታ ትናገራለች። ይሄ ለሌላው ሰው ምን ይሠራለታል ብለው ይጠይቃሉ።

ሕፃን መጀመሪያ ዕቃ የሚይዘው በመዳፉ ጠቅልሎ ነው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥሮ ማንሳት የሚጀምረው በአብዛኛው ከ9 ወር እስከ ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ወለል ሌላ ወለል ይሆናል። የቆሎ ፍሬ፣ የወደቀ ክኒን፣ ከተበጠሰ ሐብል የቀረ ዶቃ፣ ክብ የሰዓት ባትሪ፣ ሁሉም አፍ ውስጥ ይገባል። የፍርፋሪውን ወሬ የሰማች ሌላ እናት ያን ዕለት ማታ ተንበርክካ አልጋ ሥር ትጠርጋለች። እኔ የሰማሁ ቀን ጠርጌያለሁ። ሁለት የራስ ምታት ክኒንና አንድ ቁልፍ አግኝቻለሁ።

መቆምም እንደዚያው ነው። የእኛ ቤት ቡና የሚፈላው ወለል ላይ ነው። ረከቦቱ ዝቅተኛ ነው። ከሰሉ አጠገቡ ነው። ጀበናው የተቀመጠው ልክ የሚድህ ልጅ እጅ በሚደርስበት ቁመት ነው። የታች ቤት ጎረቤቴ ልጅ ከእኔ ልጅ በሦስት ሳምንት ይበልጣል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት «ሶፋውን ይዞ ብድግ አለ!» እያለች ደረጃውን ሮጣ ወጣች። አብረን ጮህን፣ አጨበጨብን። ጩኸቱ በረድ ሲል ድምፅዋ ተለወጠ። «ረከቦቱን ይዞ ሊነሳ ነበር እኮ፤ ለጥቂት ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ቤት ጀበናው ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። አንዷ ስትቀዳ ሌላዋ ልጆቹን ትይዛለች። ልጄ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሶፋ ይዛ ስትቆም ሲኒውም ከሰሉም ቦታቸው ላይ አልነበሩም። የጎረቤቴ ወሬ ቀድሞ ደርሶልኛል። ይሄን ተራ ነገር ብዬ ልጠራው አልችልም።

በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ከሕፃን ጋር ብቻዋን የምትውል ሴት አለች። ባል ሥራ ነው፣ ቤተሰብ ሩቅ ነው፣ ሠራተኛ የለም። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሆነው ነገር ሁሉ ትንሽ ነው። ሁለት ማንኪያ ገንፎ፣ አንድ አዲስ ድምፅ፣ በእጅ ቻው ማለት። ትንሹን አትናገሪ ከተባለች የምትናገረው አይኖራትም።

ወደ ፉክክሩ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ያመማቸውን ነገር እኔም ታምሜዋለሁ። የእኔ ልጅ አልዳኸችም። እኩዮቿ በ7 እና በ8 ወራቸው ቤቱን ሲያዳርሱ እሷ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ነበር የምትሄደው። አንድ እጇን መሬት ተክላ፣ አንድ እግሯን አጥፋ፣ እንደ ቀዛፊ። ሌሎቹ ስለ ዳዴ ሲያወሩ ሁለት ሳምንት ያህል ዝም አልኩ። ሌሊት እየተነሳሁ እግሯን አይ ነበር።

ያወጣኝ ዝምታው አልነበረም። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት አንዲት ትልቅ ሴት «ምነው ከሳሽ?» ሲሉኝ ነገርኳቸው። ሳቅ አሉና «የእኔ ሁለተኛ ልጅ አንድም ቀን አልዳኸም። ተነስቶ ሄደ እንጂ» አሉኝ። ይሄንኑ ለእኩዮቼ ስጽፍላቸው ሌሎች ሁለት እናቶች ተነሱ። የእነሱም እንደ እኔዋ ነበሩ፤ እነሱም ዝም ብለው ነበር።

በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን ጥናት አገኘሁት። በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 816 ጤነኛ ሕፃናትን ከሥር ከሥር እየተከታተሉ ነው የሠሩት። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 ወር እስከ 9.2 ወር። በእጅና በጉልበት መዳህ ከ5.2 እስከ 13.5። ብቻን መቆም ከ6.9 እስከ 16.9። ብቻን መራመድ ከ8.2 እስከ 17.6። የመጨረሻዋን ቁጥር ደግማችሁ እዩልኝ። ጤነኛ ልጅ በስምንት ወሩም ይራመዳል፣ በአሥራ ሰባትም። መሐሉ ዘጠኝ ወር ነው፣ አንድ እርግዝና። ከሕፃናቱ 4.3 በመቶዎቹ ደግሞ በእጅና በጉልበት ጨርሶ አልዳኹም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2022 የልጆች ዕድገት መከታተያ ዝርዝሩን ሲያሻሽል መዳህን አውጥቶታል።

እንግዲህ እኔ የማምነው ይሄን ነው። የአንድ ሰው ልጅ ወሬ ብቻ ከሰማሽ ልጅሽን ከእሱ ጋር ታወዳድሪያለሽ። የሃያ ልጆች ወሬ ከሰማሽ ግን የሚወዳደሩት ነገር ይጠፋል። አንዱ ቀድሞ ይናገራል፣ ዘግይቶ ይቆማል። ሌላዋ በዓመቷ ትሮጣለች፣ ጥርሷ ግን ገና ሁለት ነው። ፉክክር የሚያድገው ቀደም ያሉት ብቻ ሲናገሩና የዘገዩት ሲደበቁ ነው። የጸሐፊው ምክር ደግሞ መጀመሪያ ዝም የሚያሰኘው የተጎዳችውን ነው። የምትኮራውማ ምንም ቢባል አትተውም።

ያለ ጊዜው ስለተወለደ ልጅም አንድ ነገር ልበል። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ ዕድገቱ የሚለካው ይወለዳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ነው፤ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ። 12 ወር የሞላው ልጅ በዚህ ቁጥር 10 ወሩ ነው። ከእኛ መካከል አንዷ ይሄን ያወቀችው ከሌላ እናት ነው። ስምንት ወር ሙሉ ልጄ ከሰው በታች ነው ብላ ስታለቅስ ነበር።

ልብ የሚሰብረው «የእኔ ሄደች» የሚለው ሳይሆን «የአንቺ ገና አልሄደችም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል። የመጀመሪያው የራስን ደስታ መናገር ነው፣ ሁለተኛው የሰውን ልጅ መመርመር። ጥያቄውን እንተው ቢሉኝ ሁለት እጄን አነሳ ነበር። ዎከር የሚገዛውም ከዚህ ጥያቄ የተነሳ ነው። ልጁ ቶሎ ይሂድ ተብሎ ጎማ ባለው ወንበር ይቀመጣል። መራመድን አያፋጥንም፤ ደረጃ ካለበት ቤት ደግሞ አደጋ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 መሸጡን ጭምር ከልክላለች። የእኛ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው።

«ከባህላችን የወጣ ነው» ለሚለው ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። ቋንቋችን ራሱ ይመልሳል። ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም ቤት ያለ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ይላል። ይሄ በሹክሹክታ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሲራመድ ድክ ድክ አለ እንላለን። ሲናገር አፉን ፈታ እንላለን፤ ትልቅ ሆነን እንኳ የመጀመሪያ ቋንቋችንን የአፍ መፍቻ ብለን ነው የምንጠራው። የልጅን የመጀመሪያ ቃል ያን ያህል የሚያከብር ሕዝብ እንዴት ዝም በሉ ይባላል? ዓይንን በተመለከተ፣ እናቴም ትፈራለች። ስለዚህ ስነግራት መጀመሪያ «እንትፍ እንትፍ» ትላለች፣ ቀጥላ ትመርቃለች፣ ከዚያ «በየትኛው እግሯ ጀመረች?» ብላ ትጠይቃለች። ፍርሃቱንም ደስታውንም አብራ ይዛ ኖራለች። እኔም ያደግኩት በዚያ ነው።

አሁን ዋናው ጋ ደርሻለሁ፤ የጤና ባለሙያው ጉዳይ። ጸሐፊው የልጅ ዕድገት የሐኪም እንጂ የቡና ወሬ ጉዳይ አይደለም ይላሉ። ሐኪም ሲኖርና ሲያይ እውነታቸውን ነው። እስቲ ግን የክትባት ካርዱን እንየው። ሲወለድ፣ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት እንሄዳለን። በ9 ወር የኩፍኝ ክትባት አለ። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የገባው፣ በ15 ወር ነው። መሐሉ ስድስት ወር ነው። አሁን በዚያ ስድስት ወር ውስጥ የሚሆነውን ቁጠሩ። መቆም፣ ዕቃ ይዞ መራመድ፣ በጣት መጠቆም፣ የመጀመሪያ ቃል፣ የመጀመሪያ እርምጃ። አብዛኛው እናት በእነዚህ ወራት ልጇን ጤና ጣቢያ የምትወስደው ሲታመምባት ብቻ ነው። ያኔ ደግሞ የሚታየው ትኩሳቱ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ በ9፣ በ12፣ በ15 እና በ18 ወር ቀጠሮ አላት። ሐኪሙ «ይጠቁማል? ስሙን ሲጠሩት ይዞራል?» ብሎ ይጠይቃታል። እኔን የሚጠይቁኝ ደረጃ ላይ የማገኛቸው ሴቶች ናቸው።

የሆነውን ልንገራችሁ። ከእኛ መካከል አንዲት እናት ጻፈች። ልጇ 14 ወር ሆኖታል። ሲያቆሙት እግሩን ያጥፋል፣ ያለቅሳል። ጥርስም አላወጣም። ዘመዶቿ «ወፍራም ስለሆነ ነው፣ ይሄዳል» ብለዋታል። ሌላዋ ወዲያው መለሰችላት። «ሲተኛ ራሱን በጣም ያልበዋል? እስቲ የእጁን አንጓ እይው፣ ወፈር ብሏል?» አዎ አለች። የመላሿ የመጀመሪያ ልጅ ሪኬትስ ነበረው፤ የአጥንት መለስለስ፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት። በነጋታው ሄደች። ሪኬትስ ነበር። መድኃኒቱን ጀመሩለት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ድክ ድክ አለ። ሀገራችን ፀሐይ ሞልቷት ይሄ ለምን ይሆናል ትሉ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም የሚያድግ ልጅ ፀሐይ የሚያየው በመስኮት ነው፤ በመስታወት ውስጥ ያለፈ ፀሐይ ደግሞ ሰውነት ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ አያደርግም። ያቺ እናት በየጠዋቱ መስኮቱ ጋ ታሞቀው ነበር። ፀሐይ አሞቀዋለሁ ብላ ከልቧ ታምን ነበር።

ወደ ሐኪም የላካት የእናቶች ወሬ ነው። ወሬው የሐኪምን ቦታ አልወሰደም።

መጥፎ ምክር አይሰጥም ወይ? ይሰጣል። ጸሐፊው ግግ ማስወጣትንና እንጥል ማስቆረጥን ማንሳታቸው ትክክል ነው፤ እኔም ሁለቱንም ስትመክር የሰማኋት ሴት አለች። ተቅማጥ ሲይዘው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ብለው የሚያሳልፉም አሉ፤ ይሄ የልጅ ሕይወት ይቀጥፋል። ጥርስ ማውጣት ድድ ያሳክካል፣ ለሃጭ ያበዛል፤ ተቅማጥ ግን ተቅማጥ ነው፣ ሕይወት አድንና ዚንክ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ግግ የሚወጣው ስልክ ሳይኖርም ነበር። ያኔ ምክሩ ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው ሄዶ ይቀራል፤ ማንም አይቃወመውም። ሰው በተሰበሰበበት ሲነገር ግን ቢያንስ አንዷ «ኧረ ተይ!» ትላለች። እንዲያ ሲሆን አይቻለሁ።

ሌላም አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስለ ኦቲስቲክ ልጃቸው በአደባባይ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ያኔ እንዲህ ያሉ ልጆች ጓዳ ውስጥ ነበር የሚቀመጡት። ዝምታ ያቆያቸው ጓዳ ነው። ስለ ልጆቻችን ቃልና ጥቆማ በየቀኑ የምናወራ ከሆነ የዘገየበት ልጅ እናትም ቦታ ታገኛለች። በ18 ወሩ ያልተራመደ፣ በዓመቱ በእጁ ምልክት የማያሳይና በጣቱ የማይጠቁም፣ አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይችለው የነበረውን ያጣ ልጅ ካላችሁ ይታይ፤ ቀጠሮ አትጠብቁ። የመጨረሻዋን አስምሩባት። «ትል የነበረውን ቃል ተወችው» ማለት የምትችለው፣ ቃሉን ስትጀምር ለሰው የተናገረችና ቀኑን የምታስታውስ እናት ናት።

የልጁ ገመና ላይ በብዙው እስማማለሁ፤ ስለዚህ አልቆይበትም። ልጁ ሲታጠብ የተነሳ ፎቶ፣ ሙሉ ስሙ፣ የልደት ቀኑ፣ የሚውልበት ቦታ፣ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ክፍት በሆነ ገጽ ላይ መውጣት የለበትም። ነገ አድጎ የሚያፍርበትን ዛሬ እኛ ልንወስንበት አይገባም። እኛ ጋ ፎቶ ቀርቷል። እንጽፋለን፣ በድምፅ እንልካለን፤ ልጆቹንም «የእኔዋ»፣ «ትልቁ»፣ «ጥርሶ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ግን ጸሐፊው ከፎቶ አልፈው ወሬውንም ለማንም አትንገሩ ይላሉ። እዚያ ላይ አንድ ልጅ ትዝ ይለኛል።

በእኛ ሕንፃ አንድ አያት አሉ። የልጃቸውን ልጅ ነው የሚያሳድጉት። እናቱ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ስትሄድ 7 ወሩ ነበር፤ ገና ትራስ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። ማታ ሥራ ስትጨርስ በኢሞ ትደውላለች። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ምስሉ ይቆማል፤ ድምፅ ብቻ ይቀራል። አያቱ ታዲያ ይነግሯታል። ስንት ማንኪያ እንደበላ፣ ምን ብሎ እንደጮኸ፣ የትኛው ጥርሱ እንደወጣ። ስንሰማ እኛም እንጨምርበታለን፤ «የጎረቤት ልጅ ፀጉር ጎተተ» እንላታለን። ትስቃለች። አንዳንዴ ዝም ትላለች፤ ያኔ እኛም ዝም እንላለን።

ባለፈው እሑድ ልጁ የያዘውን በርጩማ ለቅቆ ተራመደ። አያቱ ስልካቸውን አላነሱም፤ እጃቸው ሊጥ ነበር። ማታ ስትደውል አልቀረጹትም ብለው አለቀሱ። እሷ ግን ንገሪኝ አለች። ነገሯት። በርጩማው መስኮቱ ጋ ነበር፣ ፊቱ ወደ በሩ ነበር፣ አራት እርምጃ ሄደ፣ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ በመቀመጫው ቁጭ አለ፣ አላለቀሰም። አንድ በአንድ ደግማ አስነገረቻቸው። መጀመሪያ ያነሳው ግራውን ነው ቀኙን ብላ ጠየቀች። አያቱ አላስተዋሉም ነበር። በጓዳው በር በኩል ሳይ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ስልኩን ተቀብዬ ግራውን ነው አልኳት።